የየትኛው ደብር ደን ነው?

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ከተማ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ትውልዴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው። ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ የሥዕል ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ በገዛ እጁ የሠራውን የደን ሥዕል በስጦታ አመጣልኝ፤ ሳሎኔ ውስጥ ሰቀልኩት። ልጁ ስላሰበኝ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ሥዕሉ ላይ ምን ማየት እንዳለብኝ አላውቅም። ዛፍ ነው፣ አሁንም ዛፍ፣ አሁንም ዛፍ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሰው የሌለበት ሥዕል ምን ይነግርሃል?» አለኝ። አባቴ ከገጠር መጥተው ሲያዩት ደግሞ ፊቱ ቆመው ብዙ ከቆዩ በኋላ «ይህ የየትኛው ደብር ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ የምመልሰው አጣሁ። እንዲህ ያለ ሥዕል እንዴት ነው የሚታየው? ይህኛውስ ጥሩ ሥራ ነው? ፎቶውን ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ ውድ መምህር፣ አባትዎ የጠየቁትን ጥያቄ ሥዕል የሚማሩ ልጆች ቢጠይቁኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ስለዚህ መልሴን ከእሳቸው ልጀምር።

«የየትኛው ደብር ነው?» ያሉት ሥዕሉን በሚገባ አይተው ነው። ከደምበጫ ተነስቶ ፍኖተ ሰላምንና ማንኩሳን አልፎ ቡሬ የሚገባውን መንገድ ያስቡት፤ ብዙ ሰው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ብቻ የሚያውቃትን ማንኩሳን ማለቴ ነው። ግራና ቀኙ በቆሎ ነው፣ ጤፍ ነው፣ በርበሬ ነው። ከማሳው መሐል ጠቆር ብሎ፣ ክብ ሠርቶ የቆመ ነገር ሲታይ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ማንም መንገደኛ ያውቃል፤ ጣሪያው ሳይታይ ደኑ ይታያልና። ከዚያ የተረፈው ዛፍ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው።

እንግዲህ አባትዎ ሸራው ላይ ያዩት ምንድን ነው? የላኩልኝን ፎቶ አስፍቼ ተመለከትኩት። በግራ በኩል የሸራው ጠርዝ ግማሽ ጎኑን የቆረጠው፣ ግንዱ የተጠማዘዘና የተቦረቦረ ዛፍ አለ፤ ወይራ ነው፣ ያውም ያረጀ። ከኋላው ቅርፊታቸው በቁመቱ እየተላጠ የተንጠለጠለ፣ ወደ ቀይ የሚያደሉ ሁለት ጽዶች ቆመዋል። መሬቱ ከሞላ ጎደል ጨለማ ነው፤ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ጥቂት ነው። ጉቶ አይታይም። ያረጀ ወይራና ያረጀ ጽድ መጥረቢያ ሳይነካቸው ጎን ለጎን የሚቆሙበት ቦታ በእናንተ አገር ከደብር ቅጥር ውጭ ብዙ አይገኝም። አባትዎ ዛፉን በዓይነቱ፣ በዕድሜውና በጥላው አንብበው የደብር ደን መሆኑን አወቁ። የሥዕል ባለሙያም ሸራ ፊት ሲቆም የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ ያለውን ነገር በስሙ ከማወቅ።

እርስዎ «ዛፍ፣ አሁንም ዛፍ» ብለው የደከሙት ዛፎቹን አንድ በአንድ ስላዩ ይመስለኛል። የደን ሥዕል እንደዚያ ሲታይ ቶሎ ያልቃል። እኔ የምለምንዎ በዛፎቹ መሐል ያለውን እንዲያዩ ነው። ግንድ መሳል ብዙ አያስቸግርም። ከሁለት ግንድ መሐል ያለውን አየር ሸራ ላይ ማምጣት ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ደኑ ጥልቀት የሚኖረውም ሆነ ጠፍጣፋ ግድግዳ ሆኖ የሚቀረው በእሱ ነው።

ይህን ለመረዳት አገርዎ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ባሕር ዛፍ ተክል ውስጥ ሲገቡ ምን ይታያል? ያደገ ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ፀሐይዋን በጎን በጎኑ ያሳልፋታል፤ ብርሃኑ እስከ መሬት ይወርዳል። ግንዶቹ በመስመር ስለተተከሉ በመሐላቸው ያለው ክፍተትም እኩል ነው። ዓይን ሰተት ብሎ ገብቶ በማዶ ይወጣል። የደብር ደን ሌላ ነው። ከላይ ዝግባው ወይም ጽዱ፣ ከእሱ ዝቅ ብሎ ወይራው፣ ከወይራው ሥር ቁጥቋጦውና ሐረጉ። ብርሃኑ በየደረጃው እየተጣራ ወርዶ መሬት ሲደርስ ቁርጥራጭ ሆኗል። አንዱ ክፍተት ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ዝግ ነው። ባሕር ዛፍ የሚስል ሰው በአብዛኛው መስመር ይስላል፤ የደብር ደን የሚስል ሰው ግን ጨለማና ብርሃን ማደላደል ግድ ይሆንበታል። ተማሪዎ ከባዱን መርጧል።

አሁን ሥዕሉ ፊት ይቁሙና ከሁለቱ ጽዶች መሐል፣ ከመካከሉ ወደ ቀኝ ፈንጠር ያለችውን ትንሽ የብርሃን ቦታ ይፈልጉ። ቢጫም ነጭም አይደለችም፤ አመድማ አረንጓዴ ናት። ከእሷ ወዲያ ያሉት ግንዶች ጠርዛቸው እየደበዘዘ፣ ቀለማቸው ወደ ሰማያዊ እያደላ ይሄዳል። በስተግራ ያለው ወይራ ግን ጠርዙ ጥርት ብሎ ተቆርጧል፤ ጥቁሩም ከሁሉ የጠለቀ ነው። ዓይንዎ ከወይራው ተነስቶ ወደ ጽዶቹ፣ ከጽዶቹ ወደዚያች ብርሃን የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ መንገድ አልሳለም፤ ነገር ግን በድንበሩ ጥራትና በቀለሙ ድብዘዛ መግቢያ አበጅቶልዎታል።

የብርሃኑን ነገር እርስዎ ከእኔ ይልቅ ለተማሪዎችዎ ያስረዱታል፦ በዓይናችንና በሩቁ ነገር መሐል ያለው አየር፣ በውስጡም ያለው እርጥበትና ብናኝ ብርሃንን ስለሚበትን ሩቁ ይፈዛል፣ ወደ ሰማያዊም ያደላል። በጋው ሲገፋና አቧራው ሲበዛ ማዶ ያለው ጋራ ይጠፋል፤ መስከረም ላይ ዝናቡ አየሩን አጥቦት ያው ጋራ ቀረብ ብሎ ይታያል። ሜዳና ተራራ የሚስል ሠዓሊ ርቀትን የሚያገኘው ከዚህ ነው። ደን ውስጥ ግን ዓይን ብዙ ርቀት አይሄድም፤ ስለዚህ አየሩ ብቻውን አይበቃም፤ አንዱን ግንድ በሌላው መሸፈን፣ የፊቱን አጥቁሮ የኋላውን ማፍካት ያስፈልጋል። የእርስዎ ሥዕል ብርሃን ከቀኝ፣ ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ የግንዶቹ ቀኝ ጎን ብቻ ነው የነጣው። ቀለሙ ቀዝቀዝ ማለቱ ሲጨመርበት የጠዋት ብርሃን ነው ብል አልተሳሳትኩም።

እንዴት እንደሚታይ ላሉኝ ደግሞ ሠዓሊዎች ራሳቸው የሚያደርጉትን ልንገርዎ። የሸራውን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ራቅ ብለው ይቁሙና ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይዩት። ቅጠሉና ቅርፊቱ ይጠፋና ጥቁሩ ከጥቁሩ፣ ብርሃኑ ከብርሃኑ ይገናኛል። ደህና የተሠራ ሥዕል እንዲህ ሲታይም ቅርጹን ይዞ ይቆማል፤ ያልተሠራው ይበታተናል። ቀጥሎ ከግድግዳው አውርደው ጭንቅላቱን ቁልቁል ያዙሩት። ዛፍ መሆኑን አእምሮ ለጥቂት ጊዜ ስለሚረሳው ክፍተቶቹ ራሳቸው ቅርጽ ሆነው ይታያሉ፤ የትኛው ጠባብ፣ የትኛው ሰፊ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የሚያውቁት። በመጨረሻ ይጠጉና የብሩሹን አካሄድ ይከታተሉ፤ የት እንደፈጠነ፣ የት እንደተወው፣ የት ደጋግሞ እንደለፋ ሸራው ላይ ተመዝግቧል። ይህን በአንድ ቀን መጨረስ የለብዎትም። ሳሎን የተሰቀለ ሥዕል ጥቅሙ በጠዋትም በማታም፣ በክረምትም በበጋም መታየቱ ነው።

ስለ አረንጓዴ ቀለም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሠዓሊን እንደ አረንጓዴ የሚፈትን ቀለም የለም። ከቱቦው ወጥቶ እንዳለ የተቀባ አረንጓዴ ዓይን ይወጋል፣ የፕላስቲክ ቅጠል ያስመስላል። ዛፍ ላይ ያለው አረንጓዴ ግን ሁልጊዜ ሌላ ቀለም አለበት። የወይራ ቅጠል ላዩ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ሥሩ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ነፋስ ሲገለብጠው ዛፉ በሙሉ መልኩን ይለውጣል። የጽድ አረንጓዴ ደረቅ ነው። ዋንዛ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ነጭ አበባውን ከላይ ያስቀምጣል። ብሳና ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ብርቱካናማ ይሆናል። ፎቶውን ሳይ አንድ ነገር አስደነቀኝ፦ ከወይራው ግርጌ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ተማሪዎ ሦስት አራት የብርቱካን ቀለም ነጥቦች ጣል አድርጓል። ዝም ብሎ ለማሳመር ያደረገው አይደለም። አባትዎን ያሳዩዋቸው፤ የብሳና ቅጠል ነው ይሉዎታል። ጥላውንም በጥቁር ቀለም አልደፈነውም፤ አረንጓዴው ውስጥ ቀይ አፈርማ ቀለም አዋህዶ ወደ ወይን ጠጅ ወስዶታል። ጥቁር ቀለም ያለ ልክ የገባበት ጥላ የሞተ ነው፤ የእሱ ጥላ ውስጥ ግን ነገር አለ።

ወደ ባልደረባዎ ልምጣ። «ሰው የሌለበት ሥዕል ምን ይነግርሃል?» ማለታቸውን እንደ አላዋቂነት አልቆጥረውም። ጥያቄው ከአገራችን የሥዕል ታሪክ የወጣ ነው። የእኛ ሥዕል ለዘመናት ሲተርክ የኖረ ነው፤ ቅዱሱ፣ ተአምሩ፣ ሰማዕቱ፣ ንጉሡ። ዛፍ የሚመጣው ታሪኩ ሲጠራው ነው፤ አዳምና ሔዋን ሲሳሉ ዕፀ በለሷ፣ በሆሳዕና ዘንባባው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሥዕል ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለውን ቦታ ካስተዋሉት፣ ብዙ ጊዜ መሬትም ሰማይም አይደለም፤ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው እየተለወጠ የሚሄድ መደብ ነው። ወደ ኋላ ብንሄድ በአባ ገሪማ ወንጌሎች ጌጥ ላይ ወፎችና ዕፅዋት እናገኛለን፤ እነዚያ ብራናዎች በካርቦን ሲመረመሩ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ወድቋል። ዛፍ እንግዲህ ከሥዕላችን ጠፍቶ አያውቅም፤ ብቻውን ግን አልቆመም።

አንድ የማስበው ነገር አለ። በዘጌ ያለችውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ በደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴን የሚያውቅ ሰው ግድግዳቸው ከላይ እስከ ታች በሥዕል መሞላቱን ያውቃል። ዘጌ ራሱ ደን ነው። ሠዓሊዎቹ ያን ሁሉ ዛፍ በየቀኑ እያዩ ደን ብቻውን ያልሳሉት ዛፍ ስላልወደዱ አይመስለኝም። ምእመኑ ሥዕሉ ዘንድ የሚደርሰው ደኑን አቋርጦ ነው፤ ከጥላው ወጥቶ ቅኔ ማሕሌት ሲገባ ዓይኑ ዛፉን ይዞት ገብቷል። ደኑ የቤቱ አንድ ክፍል ነበር ማለት ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ደን የምንሰቅለው ይህ ጉዞ ስለተቋረጠብን ይመስለኛል።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አገኘሁ እንግዳ ከጣሊያን ወረራ በፊት ፓሪስ ሄደው ተማሩ። አሜሪካ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ትምህርት ቤቱም በ1950 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያ የወጡት ደግሞ በየአገሩ ተበተኑ፤ ታደሰ መስፍን ለምሳሌ ሌኒንግራድ፣ በረፒን ስም በሚጠራው የሥዕል ተቋም ነው የተማረው። የዚያ ተቋም ሕንፃ የቀድሞው የሩሲያ የሥዕል አካዳሚ ነው፤ በዓለም ላይ ደን በመሳል ከታወቁት አንዱ የሆነው ኢቫን ሺሽኪንም ከዚያው አካዳሚ ወጣ።

ለባልደረባዎ መልስ የሚሆነኝ የሺሽኪን ሥዕል አለ። እ.ኤ.አ. በ1889 የተሠራ፣ የጥድ ደን ውስጥ ያለ ጠዋት ነው፤ በወደቀ ግንድ ላይ ድቦች ይጫወታሉ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ድቦቹን ነው። እነሱን ግን ሺሽኪን አልሳላቸውም፤ ኮንስታንቲን ሳቪትስኪ የተባለ ሌላ ሠዓሊ ነው የጨመራቸው፤ ሥዕሉን የገዛው ትሬትያኮቭም በኋላ የሳቪትስኪን ፊርማ አስጠፋው። የሥዕሉን ሕትመት ካገኙ ለባልደረባዎ ያሳዩዋቸውና ድቦቹን በእጅዎ ይሸፍኑ። ከኋላ ያለው ጉም፣ በጥዶቹ አናት ላይ ያረፈችው ፀሐይ፣ የተገነጠለው ዛፍ ሁሉም እዚያው ናቸው። ደኑ ያለ ድብም ይናገራል፤ ድቦቹ ግን ያለ ደኑ ከንቱ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ደግሞ የጃፓናዊው የሐሴጋዋ ቶሃኩ ሥራ ነው። 16ኛው ክፍለ ዘመን ሲያልቅ በቀለም ሳይሆን በጥቁር ቀለም ውኃ ብቻ የጥድ ዛፎችን በታጣፊ መከለያ ላይ ሣለ፤ ዛሬ ቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። አብዛኛው ወረቀት ባዶ ነው። ጥቂት ዛፎች እዚህና እዚያ ብቅ ይላሉ፣ የቀሩት በጉም ተውጠዋል። ባዶ የተተወውን ወረቀት ዓይን ራሱ ጉም ያደርገዋል። በዛፎች መሐል ያለውን ይዩ ስልዎ የነበረው ነገር እዚያ ላይ እስከ ጫፉ ተወስዷል።

ሠዓሊ ዛፍን ማየት ሲለምድ ዝም ብሎ ማየት ብቻ አይሆንለትም። ፈረንሳይ ውስጥ ፎንቴንብሎ በሚባለው ደን ዳር፣ ባርቢዞን መንደር ሰፍረው ይስሉ የነበሩት ቴዎዶር ሩሶና ጓደኞቹ ያረጁት ዛፎች እንዳይቆረጡ ተሟገቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1861 በንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ከ1,000 ሄክታር በላይ ደን ለሥዕል ሲባል ተከለለ። በእኛ አገር ያን ሥራ ማንም ሳይደነግግ ደብሩ ሠርቶታል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የአማራ ክልልን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንተው ለዓለም ካሳወቁ ወዲህ፣ ካህናቱና ምእመኑ በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እየካቡ ከብት እንዳይገባ የከለከሉበት ቦታ ጥቂት አይደለም። ከብት የገባበት ደን ትልቁ ዛፍ ይቆማል እንጂ ከሥሩ ችግኝ አይኖረውም። ይህንንም ሥዕልዎ ላይ ማየት ይቻላል፦ ከወይራው ሥር ቀጫጭን ግንዶች፣ ገና ጣት የሚያህሉ፣ ወደ ብርሃኗ ተንጠራርተው ተስለዋል። ልጁ ደኑን በደህና ጊዜው ነው ያገኘው።

ጥሩ ነው ወይ? አዎ፣ ጥሩ ነው፤ ለጀማሪ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ትልቁን ዛፍ መሐል አለማቆሙ፣ ጠርዝ ላይ ቆርጦ መተዉ ድፍረት ነው፤ እርስዎን ደኑ ውስጥ ያስገባዎት እሱ ነው። ብርሃኗን መቆጠቡ ከዚያ ይበልጣል። ጉድለት ደግሞ አለው። በላይኛው ቀኝ ማዕዘን ያሉት ቅጠሎች በአንድ ብሩሽ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ልክ የተደረደሩ ናቸው። የጽድ ይሁኑ የወይራ አይታወቅም። እዚያ ቦታ ማየቱን አቁሞ መሙላት ጀምሯል፤ ክፍተቱም ስለተደፈነ አየር አጥቷል። ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ሲያዩት ያ ማዕዘን ብቻ ተለይቶ ወደ ፊት ሲመጣ ያስተውላሉ።

ስለ አሰቃቀሉ አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን ፎቶው ላይ ከመስኮት ፊት ለፊት መሆኑን አይቻለሁ። በቀጥታ ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ ቀለሙ ከዓመት ወደ ዓመት ይለቃል፤ ብርሃን በጎን የሚያገኘው ግድግዳ ይሻለዋል። ከረከቦቱና ከዕጣን ማጨሻው ራቅ ይበል፤ የጭሱ ቅባት ሸራ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚያጠፋው ፈዛዛዎቹን ቀለሞች ነው፣ የእርስዎ ሥዕል ደግሞ ሕይወቱ በእነሱ ላይ ነው። ክረምት ላይ ግድግዳው እርጥበት ስለሚይዝ ከፍሬሙ ታችኛ ማዕዘኖች ጀርባ ትንንሽ ቡሽ ለጥፈው አየር እንዲያልፍ ያድርጉ። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ አይንኩት።

ልጁን ሲያገኙት የትኛው ደብር እንደሆነ ይጠይቁትና ለአባትዎ ይንገሩልኝ። ስለ ላይኛው ማዕዘንም ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ከአስተማሪው ሲሰማው ይቀበለዋል። እርሳስና ወረቀት ብቻ ይዞ ወደዚያው ደን ተመልሶ ይግባና ቅጠል ሳይስል፣ በቅርንጫፎቹ መሐል የሚታየውን የሰማይ ቁራጭ ብቻ፣ ቅርጹን እየተከተለ ደጋግሞ ይሳል። በኅዳር፣ ዝናቡ ሲያበቃና አየሩ ጥርት ሲል ቢሆን ይመረጣል።